ድምፅ ለጡንቻ ይሠራል ወይ? ስለ አባቴ አካሄድ የቀረበ ጥያቄ

ሐና፦

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ አባቴ የ71 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለባቸው ከታወቀ 6 ዓመት ሆኖታል። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፣ የእጃቸው መንቀጥቀጥም እምብዛም አያስቸግራቸውም። ያስቸገራቸው እግራቸው ነው። ክፍሉ ውስጥ ደህና ሲራመዱ ቆይተው በሩ ጋ ሲደርሱ እግራቸው ከወለሉ ጋር የተጣበቀ ያህል ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ምን እንደሚሰማቸው ስጠይቃቸው "እኔ አዝዣቸዋለሁ፣ እነሱ ናቸው እንቢ ያሉት" ይሉኛል።

ሰሞኑን የድምፅ ሕክምና ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰው ሁለት ነገር አቀረበልን። አንደኛው በውስጡ ድምፅ ማጉያዎች የተቀበሩበት፣ ሲተኙበት የሚነዝር ፍራሽ ነው። ሁለተኛው በጆሮ ማዳመጫ የሚደመጥ የ528 ሄርዝ ቅጂ ነው። እንደ ሻጩ አባባል ፍራሹ የደከመ ጡንቻን ከውስጥ ያነቃዋል፣ ቅጂው ደግሞ የጡንቻን ሕዋስ ያድሳል። አባቴ በነገሩ ተስፋ ስላደረጉ ዝም ብዬ "ውሸት ነው" ልላቸው አልፈለግሁም፤ ሳላጣራ መግዛትም አልፈለግሁም። ድምፅ በእርግጥ በጡንቻ አሠራር ላይ የሚያመጣው ለውጥ አለ? ካለስ እንዴት ነው የሚያመጣው? የሚያውቅ ቢያስረዳኝ አመሰግናለሁ።

ፊዚዮ ዮናስ፦

እህት ሐና፣ አባታችንን እግዜር ይማርልን። የነርቭ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በማገገሚያ የማሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሻጩ ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ስም ጠቅልሎ ስላቀረበልዎ ግራ ቢጋቡ አይፈረድብዎትም። የድምፅ ሕክምና የሚል ነገር በሰሙ ቁጥር አስቀድመው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ድምፁ ጡንቻው ዘንድ የሚደርሰው በየት በኩል ነው? በጆሮ ገብቶ በአንጎልና በነርቭ በኩል ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ቆዳና ሥጋን እያነዘረ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ለሁለቱ ያለው ማስረጃም እኩል አይደለም።

በጆሮ በኩል ካለው ልጀምር፣ ምክንያቱም ለአባትዎ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። የአባትዎ እግር ጡንቻ ዋና ችግሩ ድካም አይደለም። በዚህ ሕመም የሚጎዳው ባዛል ጋንግሊያ የሚባለው የአንጎል ክፍል፣ እንደ እርምጃ ያሉ ሳናስብ የምንሠራቸውን ተከታታይ እንቅስቃሴዎች በጊዜያቸው የሚያስጀምር ነው። የውስጡ ሰዓት ሲዛነፍ ጤነኛው ጡንቻ ትእዛዙን በወቅቱ አያገኝም። አባትዎ "እኔ አዝዣቸዋለሁ" ያሉት እኛ በሕክምና ቋንቋ ከምንለው ይልቅ ነገሩን አጥርቶ ይገልጸዋል። ታዲያ ምቱ ከውጭ፣ በጆሮ በኩል ሲመጣ፣ አንጎል በተጎዳው የውስጥ ሰዓት ላይ ያለውን ጥገኝነት ቀንሶ እንቅስቃሴውን ከሚሰማው ምት ጋር ማያያዝ ይችላል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ማይክል ታውትና ባልደረቦቹ በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሠርተው በ1996 ባሳተሙት ጥናት (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓርኪንሰን ያለባቸው ሰዎች ለ3 ሳምንት በየቀኑ 30 ደቂቃ ምቱ ጎልቶ በሚሰማ ሙዚቃ እየታገዙ ተራመዱ። የአካሄድ ፍጥነታቸው በአማካይ በ25 በመቶ፣ የእርምጃቸው ርዝመት በ12 በመቶ ጨመረ። ያለ ድምፅ ለዚያው ያህል ጊዜ የተለማመዱት ሰዎች መሻሻል ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር። የተሳታፊዎቹ ቁጥር 37 ብቻ እንደነበር ግን አይርሱ።

ለመሞከር የሚያስፈልግዎ ስልክ ላይ የሚጫን ሜትሮኖም፣ ማለትም እኩል ምት እየመታ የሚያሰማ መተግበሪያ፣ ብቻ ነው። አባትዎ ሜዳ ላይ እንደ ወትሯቸው ሲራመዱ በ1 ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚረግጡ ሦስት ጊዜ ቆጥረው አማካዩን ይያዙ፤ መጀመሪያ ሜትሮኖሙን በዚያው ልክ ያድርጉት፣ ከለመዱት በኋላ እስከ 10 በመቶ ድረስ ከፍ ማድረግ ይቻላል። በ2007 ጄፍሪ ሃውስዶርፍና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት፣ ምቱ ከተለመደው 110 በመቶ ሲደረግ የአካሄድ መዛባቱ እንደሚቀንስና ድምፁ ከቆመ 15 ደቂቃ በኋላም ጥቅሙ እንዳልጠፋ አሳይቷል።

መምህር ደሳለኝ፦

አቶ ዮናስ የጻፉትን በአብዛኛው እደግፋለሁ፤ የመጨረሻው ምክር ግን ለወይዘሪት ሐና አባት አደገኛ ሊሆን ይችላል ብዬ እሰጋለሁ። ጠያቂዋ አባታቸው በር ላይ ቀጥ ብለው እንደሚቆሙ ጽፈዋል። በቤልጂየም ሉቨን ውስጥ ተሠርቶ በ2006 የታተመ አንድ ጥናት እንዲህ የሚቆሙትንና የማይቆሙትን ለይቶ ሲመረምር፣ ምቱ በ10 በመቶ ሲፈጥን የማይቆሙት እርምጃቸው እንደረዘመ፣ የሚቆሙት ግን እርምጃቸው እንዳጠረ አግኝቷል። እርምጃ እያጠረ ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ የሚቀጥለው መቆም ነው፤ ከዚያም መውደቅ። ስለዚህ ለእርሳቸው ምቱ ከተለመደው እኩል ወይም ጥቂት ዝግ ያለ ቢሆን ይሻላል።

በተረፈ እኔ የማስተምረው የሰውነት አሠራር ስለሆነ "እንዴት ነው የሚያመጣው?" ለሚለው ትንሽ ልጨምር። ብዙ ሰው ድምፅ ወደ ጆሮ ገብቶ የሚቀረው በመስማት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን የመስሚያው ነርቭ መልእክት ከአንጎል ግንድ ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚወርድ መንገድ አለው። በ1976 ሮሲኞልና ሜልቪል ጆንስ የሰዎችን የባት ጡንቻ ሪፍሌክስ (ሳይታዘዝ በራሱ የሚሰጠውን ምላሽ) እየለኩ ድንገተኛ ድምፅ ሲያሰሙ፣ ድምፁ ከተሰማ ወደ 100 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ ሪፍሌክሱ ሲጠነክር አይተዋል። ማለትም ሰውየው ምንም ሳይወስን፣ ድምፁ ብቻ የእግሩን የነርቭ ሴሎች ለሥራ አዘጋጅቷቸዋል። ያለ ሐሳብ ተቀምጠን ሙዚቃ ስንሰማ እግራችን ወለሉን መምታት የሚጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚህም የሚገርመው በ1999 ቫልስ ሶሌና ባልደረቦቹ ያሳዩት ነው። አንድ ሰው ምልክት ሲያይ እጁን እንዲያንቀሳቅስ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ ከምልክቱ ጋር በጣም ኃይለኛ ድምፅ ቢሰማ፣ ወትሮ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበት የነበረው እንቅስቃሴ ከ100 በታች ይጀምራል፤ እንቅስቃሴው ግን ያው የተዘጋጀበት እንቅስቃሴ ነው። ድምፁ ጡንቻውን አላጠነከረውም፤ ተዘጋጅቶ የቆየውን ትእዛዝ ቶሎ ለቀቀው እንጂ።

አንድ ጡንቻ በድምፅ ለቅጽበት እንደሚላላም ይታወቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሲድኒ ኮልባችና ሃልማጊ እንዳሳዩት፣ ኃይለኛ የጠቅታ ድምፅ በጆሮ ሲለቀቅ በዚያው በኩል ያለው የተወጠረ የአንገት ጡንቻ 13 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ላይ ሥራውን ለአፍታ ይቀንሳል። ይህን የሚያደርገው የውስጥ ጆሮ ሚዛን ጠባቂ ክፍል ነው። ዛሬ ሐኪሞች የሚዛን ነርቭን ለመመርመር ይጠቀሙበታል፤ ማከሚያ ነው ያለ ግን የለም።

በነገራችን ላይ፣ ጡንቻ ራሱ ድምፅ እንዳለው ታውቃላችሁ? ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የአውራ ጣታችሁን ጫፍ ጆሯችሁ ውስጥ በቀስታ ከትታችሁ ክርናችሁን ወደ ላይ አድርጉና ጡጫችሁን ጨብጡ። ሩቅ እንደሚያልፍ የጭነት መኪና ዓይነት ጉርምርምታ ትሰማላችሁ፤ ስትጨብጡ ይጎላል፣ ስትለቁ ይጠፋል። የምትሰሙት የክንዳችሁ ጡንቻ ክሮች ሲኮማተሩ የሚያሰሙትን ንዝረት ነው። ኢጣሊያዊው ግሪማልዲ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎበታል፤ እንግሊዛዊው ዎላስተንም ስለዚሁ ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የሳይንስ ማኅበር ያቀረበው ትምህርት በ1810 ታትሟል።

ጠርጣራው፦

ጣቴን ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ ይህን እየጻፍሁ ነው። እውነት ነው፣ ይሰማል።

ወደ 528 ሄርዙ ስመጣ ግን ትዕግሥቴ አጭር ነው። ሄርዝ ማለት በ1 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ነዘረ ማለት ነው። ሰከንድ ደግሞ ሰው ቀኑን በ24፣ ሰዓቱን በ60፣ ደቂቃውንም በ60 ከፍሎ ያገኘው መለኪያ ነው። የቀደሙት ሰዎች ቀኑን በሌላ ቁጥር ከፍለውት ቢሆን ኖሮ ያው ድምፅ 528 ሳይሆን 400 ወይም 700 ይባል ነበር። የጡንቻ ሕዋስ በቁጥሩ ውስጥ ምሥጢር ያገኛል ማለት፣ ሕዋሱ የግድግዳ ሰዓት ያነብባል እንደማለት ነው።

የጉልበቱንም ነገር አስሉት። በተለመደ ንግግር መጠን፣ 60 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ፣ የሚመጣ ድምፅ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ኃይል የ1 ዋት አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ፊዚዮቴራፒስቶች ጡንቻን ለማሞቅ የሚጠቀሙበት አልትራሳውንድ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ዋት ያህል ይሰጣል፤ ወደ ካሬ ሜትር ሲለወጥ 10,000 ዋት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 10 ቢሊዮን እጥፍ ነው። ከዚያም በላይ፣ በአየር የመጣ ድምፅ ቆዳ ላይ ሲደርስ አብዛኛው ተመልሶ ይነጥራል። በጆሮ ማዳመጫ የመጣ ድምፅ የጭን ጡንቻን ሕዋስ ያድሳል የሚል ሰው፣ ድምፁ ከጆሮ ታምቡር ተነሥቶ ጭን ድረስ በምን እንደሄደ ይንገረን።

ማርታ፦

ወንድሜ ጠርጣራው፣ ሁሉን ነገር በስሌት መጣል ተገቢ አይመስለኝም። እኔ ለዓመታት ትከሻዬና አንገቴ እየተገተረ ያስቸግረኝ ነበር። በየሳምንቱ የነሐስ ጎድጓዳ ሳህኖች እየተመቱ በሚደመጡበት የዝምታ ጊዜ መሳተፍ ከጀመርሁ ወዲህ ትከሻዬ ላልቷል፤ ይህን ስል ማንንም ለማሳመን ሳይሆን በሰውነቴ ላይ ያየሁትን ለመመስከር ነው። ሳይንስ ገና ያልደረሰበት ብዙ ነገር አለ።

ፊዚዮ ዮናስ፦

መጀመሪያ መምህር ደሳለኝን አመሰግናለሁ፤ እርምቱ ትክክል ነው። እኔ የጻፍሁት ለማይቆሙ ሰዎች የሚሠራውን ነው፤ ጥያቄውን በጥሞና ባነብበው ኖሮ አልሳሳትም ነበር። እህት ሐና፣ እባክዎ የእሳቸውን ይከተሉ።

እህት ማርታ፣ ትከሻዎ መላላቱን አልክድም። ሰው ጸጥ ባለ ቦታ ለአንድ ሰዓት ጋደም ብሎ፣ እስትንፋሱን አዝግሞ፣ ለስላሳ ድምፅ ሲያዳምጥ ሰውነቱ ይረጋጋል፤ ከጭንቀት የመጣ የጡንቻ መገተርም ይለቃል። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው። ነገር ግን ለውጡ የመጣው ከሳህኑ ነው ወይስ ከዝምታው፣ ከመጋደሙና ከእስትንፋሱ? ያንን ለመለየት ሌላ ቡድን ያለ ሳህን ለዚያው ያህል ጊዜ በዚያው ክፍል መጋደም ነበረበት። ለማረፍ ከሆነ ይቀጥሉበት፣ እኔም ብመጣ ደስ ይለኛል። ለሐና አባት ግን የምንፈልገው መላላት አይደለም፤ በሰዓቱ መነሣት ነው።

የሩጫ አሠልጣኝ፦

ከጤነኞች ሰፈር አንድ ነገር ላክልበት። ሊዮናርድ ኤርስ የተባለ አሜሪካዊ በኒው ዮርክ ለ6 ቀን የሚካሄድ የብስክሌት ውድድርን ተከታትሎ ያየውን በ1911 አሳትሟል። የሙዚቃ ባንዱ ሲጫወት የተወዳዳሪዎቹ ፍጥነት በሰዓት 19.6 ማይል፣ ሲያርፍ 17.9 ማይል ሆኖ አገኘው። ይህ በሙዚቃና በስፖርት ላይ ከተመዘገቡት የመጀመሪያ ልኬቶች አንዱ ነው። ግን አስቡት፤ ባንዱ የሚጫወተው መቼ ነው? ተመልካች ሲበዛ ነዋ። የፈጠኑት በጥሩምባው ይሁን በጭብጨባው ማን ያውቃል?

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በየካቲት 1998 በበርሚንግሃም የቤት ውስጥ የ2,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን በ4 ደቂቃ ከ52.86 ሰከንድ ሲሰብር፣ በስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ ለእግሩ ምት የሚስማማ ዘፈን እንዲለቀቅለት አድርጎ እንደሮጠ ይታወቃል። ይህን ታሪክ ለልጆቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያው እጨምርላቸዋለሁ፦ ዘፈኑን ብቻ ሰምቶ ክብረ ወሰን የሰበረ የለም።

በ2020 ፒተር ቴሪና ባልደረቦቹ 139 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ ሙዚቃ ስሜትን እንደሚያነቃቃ፣ የድካም ስሜትን እንደሚቀንስና አካላዊ ብቃትን እንደሚጨምር አግኝተዋል፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። የእኔም ልምድ ይኸው ነው። በቀላልና በመካከለኛ ልምምድ ጊዜ ሙዚቃ ድካሙን ያስረሳል፤ ልጁ አቅሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን የሚሰማው የራሱን ትንፋሽ ብቻ ነው። ጡንቻው የጠነከረው ሙዚቃውን ስለሰማ ሳይሆን ሙዚቃው ሁለት ዙር ስላስጨመረው ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ብዙ ነው።

አንድ እጅ፦

ከ4 ዓመት በፊት ስትሮክ መትቶኝ ግራ እጄ ደክሞ ነበር። ያከመችኝ ባለሙያ ፒያኖ ፊት አስቀምጣ በደከመው እጅ አምስት ቁልፎችን በተራ እንድነካ ታዘኝ ነበር። ሙዚቃ አላውቅም። የመጀመሪያውን ሳምንት ከትንሿ ጣቴ የወጣ ድምፅ አልነበረም፤ ቁልፉን ብነካውም የምጫነው አይመስልም ነበር። አንድ ቀን ግን በጣም ቀጭን ድምፅ ወጣ። ዓይኔ ጣቴ ሲንቀሳቀስ አላየም፤ ጆሮዬ ግን ሰማው። ለመንቀሳቀሱ ማስረጃ ያገኘሁት ከዚያ ድምፅ ነው፤ ከዚያ በኋላ መለማመድን ያቋረጥሁበት ቀን የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለመምህር ደሳለኝ ነው፦ ይህ የድምፁ ሥራ ነው ወይስ ዝም ብሎ የልምምድ?

መምህር ደሳለኝ፦

እንኳን እግዜር አተረፈዎ። የጠየቁት ጥያቄ ተመራማሪዎችንም ያከራከረ ነው። በ2007 ሽናይደር፣ አልተንሙለርና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ሥራ፣ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች በ3 ሳምንት ውስጥ 15 ጊዜ፣ እያንዳንዱን 30 ደቂቃ፣ በፒያኖና በኤሌክትሪክ ከበሮ ተለማምደው፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የእጃቸው ፍጥነትና ቅልጥፍና ተሻሽሏል። ነገር ግን እነሱ ተጨማሪ ልምምድ አግኝተዋል የሚል ትችት ቀረበ። በባርሴሎና የተሠራ በ2018 የታተመ ጥናት ሁለቱን ቡድኖች እኩል ሲያለማምድ፣ በእጅ አሠራር በኩል ሁለቱም ተሻሻሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አልበለጠም።

ስለዚህ ድምፁ ሁለት ነገር ሠርቶልዎታል ብዬ አምናለሁ። አንደኛው እርስዎ ራስዎ የጻፉት ነው፤ ዓይን የማያየውን ትንሽ እንቅስቃሴ ጆሮ ይሰማዋል፣ አንጎልም ያዘዘውና የሆነው ልክ መሆኑን ያረጋግጣል። ሁለተኛው ደግሞ ልምምዱን እንዳያቋርጡ ይዞዎታል። የነርቭ ሐኪሞች የጡንቻን ኤሌክትሪክ በመርፌ ሲመረምሩ ምልክቱን በድምፅ ማጉያ የሚያዳምጡት በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ኤድሪያንና ብሮንክ ከ1929 ጀምሮ እንዲህ አድርገዋል። ጆሮ በጊዜ ረገድ ከዓይን ይልቅ ጠንቃቃ ነው።

ሐና፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከተጻፈልኝ ወዲህ 3 ሳምንት ሆኖኛል፤ ያየሁትን ልጻፍ።

የአባቴን እርምጃ ሦስት ጊዜ ስቆጥር 94፣ 98 እና 96 ስለሆነ አማካዩ 96 ወጣ። ሳልሸሽግ ልናገር፤ የመምህር ደሳለኝን እርምት ከማንበቤ በፊት በመጀመሪያው ቀን ሜትሮኖሙን 106 አድርጌው ነበር። አባቴ ምቱን ለመከተል ሲሞክሩ እርምጃቸው እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ በጣታቸው ጫፍ ወደ ፊት መንደርደር ጀመሩ፤ ክንዳቸውን ባልይዝ ኖሮ ይወድቁ ነበር። በማግሥቱ 90 አደረግሁት። እየተንቀረፈፉ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፤ እርምጃቸው ግን ረዘመ። ከወንበራቸው እስከ በሩ ድረስ ወትሮ 14 ጊዜ ይረግጡ የነበረው አሁን 11 ነው። በር ላይ መቆሙ አልጠፋም፤ ቀንሷል። ሲቆሙ ደግሞ ለመሄድ ከመታገል ይልቅ ቆመው አራት ምት ይቆጥሩና በአምስተኛው እግራቸውን ያነሣሉ።

ያልሠራው ነገርም አለ። ሲታጠፉ ምቱ አይረዳቸውም። ሰው ሲያናግራቸው ምቱን ይስታሉ። ድምፁ በጠፋ ማግሥት ደግሞ ያው እንደ ቀድሞው ናቸው። ይህ ልማድ ሆኖ ይቀራል ወይስ ሁልጊዜ ሜትሮኖም ሊከተላቸው ነው? ስለ ፍራሹም እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

ፊዚዮ ዮናስ፦

ከ14 ወደ 11 መውረድ ትልቅ ነገር ነው። ሲታጠፉ ጠባብ ዙር ከማድረግ ይልቅ ሰፋ ያለ ቅስት እየሠሩ ቢዞሩ ይሻላል፤ ለዚያ ድምፅ ብቻውን አይበቃም። ስለ መቆየቱ ሐቁን ልንገርዎ፦ በ2007 የታተመው፣ በእንግሊዝ፣ በኔዘርላንድስና በቤልጂየም 153 ሕሙማንን በየቤታቸው ያለማመደው ጥናት፣ ጥቅሙ መኖሩን አሳይቷል፤ መጠኑ ግን ታውት ካገኘው ያነሰ ነበር፣ ልምምዱ ከቆመ 6 ሳምንት በኋላም በአብዛኛው ደብዝዟል። ስለዚህ ምቱን እንደ መነጽር ይመልከቱት፤ ዓይኑ እስካልዳነ ድረስ መነጽሩ አይወልቅም።

ለስትሮክ ያለው ማስረጃ የተሻለ ይመስለኛል። በ2017 የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው) ግምገማ የአንጎል ጉዳት ላይ የተሠሩ 29 ሙከራዎችን ሲያሰባስብ፣ በምት የታገዙት የአካሄድ ፍጥነታቸው ከሌሎቹ በደቂቃ 11 ሜትር ያህል በልጦ ተገኝቷል። የጥናቶቹ ጥራት ግን አንድ ዓይነት አልነበረም።

አሁን ፍራሹ። ይህ በጆሮ ሳይሆን በሥጋ የሚገባው ድምፅ ነው። ኖርዌጂያዊው ኦላቭ ስኪሌ በ1980ዎቹ ቪብሮአኮስቲክ ብሎ የጀመረው ሲሆን ከ30 እስከ 120 ሄርዝ የሆነ ወፍራም ድምፅ በወንበርና በአልጋ በኩል ለሰውነት ይሰጣል። ንዝረት ጡንቻን እንደሚነካው አያጠራጥርም። በ1966 ኤክሉንድና ሃግባርት እንዳሳዩት፣ በ100 ሄርዝ ገደማ የሚነዝር መሣሪያ በጅማት ላይ ሲያዝ፣ በጡንቻው ውስጥ ያሉት የመለጠጥ ጠቋሚዎች ጡንቻው የተሳበ መስሏቸው መልእክት ይልካሉ፣ ጡንቻውም ሳይታዘዝ መኮማተር ይጀምራል። ልብ ይበሉ፤ እዚያ መሣሪያው አንድ ጅማት ላይ በቀጥታ ተጭኖ ነው። ፍራሽ ላይ ጀርባን በሙሉ በለስላሳው ማንዘር ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰዎች ከተኙበት በኋላ መላላትና የሕመም መቀነስ እንደተሰማቸው ይናገራሉ፤ ጥናቶቹ ግን አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፣ ፍራሹ የደከመ እግርን ያስነሣል የሚል መደምደሚያ ላይም የሚያደርስ የለም። ሻጩ ከመላላት ተነሥቶ ወደ መንቃት የዘለለው በሁለቱ መካከል ድልድይ ሳይኖር ነው።

ለምቾት ሊገዙት ካሰቡ እንኳ አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት፣ እግሩ ውስጥ ደም የረጋበት፣ አዲስ ስብራት ወይም ያልዳነ ቀዶ ሕክምና ያለው ሰው በእንዲህ ያለ ንዝረት ላይ መተኛት የለበትም።

ጠርጣራው፦

አልትራሳውንዱን ያነሣሁት እኔ ስለሆንሁ አንድ እርምት ልጨምር፤ "ኃይለኛ ስለሆነ ይሠራል" ለማለት አልነበረም። ከ20,000 ሄርዝ በላይ ስለሆነ የማይሰማው ይህ ድምፅ በ1 ሚሊዮን ሄርዝ ጥልቅ፣ በ3 ሚሊዮን ሄርዝ ደግሞ ቆዳው ሥር ያለውን ሥጋ ያሞቃል። ሥጋን ማሞቁ አይካድም፤ ከመሞቅ በኋላ የሚገኘው ጥቅም ግን ያከራክራል። ለአጥንት የታሰበው ደካማው ዓይነት በ501 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ በ2016 ውጤቱ ሲታተም፣ የተሰበረ አጥንትን ለማዳን ከአስመሳይ መሣሪያ የተሻለ አልሆነም። ያ ሙከራ እስኪወጣ ድረስ መሣሪያው ከ20 ዓመት በላይ በሥራ ላይ ነበር።

የሩጫ አሠልጣኝ፦

ስለ ጆሮ ማዳመጫው ደግሞ የድምፁን መጠን ተጠንቀቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ወሰን በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ለእግር ሲባል ጆሮ መጎዳት የለበትም። አዛውንቱ በእግራቸው ሲሄዱም ሁለቱንም ጆሮ ባይደፍኑ ይመረጣል፤ ከኋላ የሚመጣን ነገር መስማት አለባቸው።

ሐና፦

ፍራሹን ተውነው። ለአባቴ "ይህ የሚያላላ ነው፤ የእርስዎ እግር ደግሞ የሚያስፈልገው ሰዓት ነው" ብዬ ስነግራቸው ገብቷቸዋል፤ እንዲያውም የተናደዱት እኔ ከፈራሁት ባነሰ ነው።

አንድ ነገር ግን ትናንት አየሁ። ስልኩ ባትሪው አልቆ ሜትሮኖሙ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። እደነግጣለሁ ስል አባቴ ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ፣ በአፍንጫቸው የልጅነታቸውን ዜማ እያንጎራጎሩ ቀጠሉ። በሩንም አልፈው ሄዱ። አቶ ዮናስ፣ ይህ የአጋጣሚ ነገር ነው?

ፊዚዮ ዮናስ፦

አጋጣሚ አይመስለኝም። በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኤሊኖር ሃሪሰንና ጋሞን ኧርሃርት በ2019 ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ፓርኪንሰን ያለባቸው ሰዎች ሙዚቃ እየሰሙ ከመራመድ ይልቅ በልባቸው እየዘፈኑ ሲራመዱ የእርምጃቸው መለዋወጥ ይበልጥ ቀንሶ ተገኝቷል። የሚሰማውን ምት ለመከተል ሰው ትንሽ መጠበቅና ማስተካከል አለበት፤ የራሱን ዜማ ሲያንጎራጉር ግን እግሩና ዜማው አብረው ይሄዳሉ።

ዜማው በደቂቃ ስንት ምት እንደሆነ ይቁጠሩልኝ። ወደ 90 የሚጠጋ ከሆነ ከነገ ጀምሮ ሜትሮኖሙን ለ1 ደቂቃ ብቻ ያሰሟቸው፣ ከዚያ ያጥፉትና በዜማው ይቀጥሉ። ሲታጠፉም ይሞክሩት።

ሐና፦

ቆጠርሁት፤ 88 ነው።